የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ትራምፔት ነፊው መድረኩ መሃል ቆሞ እንደ ልማዱ እጁን ወደ አሮጌ ኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ሰደደ። ቁልፉ አልዞር አለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ የኖረ ቁልፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳያዞረው ነፍቶ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ቢያየው በአዲስ ክር ግጥም ተደርጎ ተሰፍቷል። ሚስቱ ናት! ጠዋት ኮቱን ስታለብሰው “ዛሬ እንኳ ሰው ምሰል” ብላ የሳቀችው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ጉድ ፈላ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ክሩን እንዳይበጥሰው ጣቶቹ ላብ በላብ ሆነው ያሟልጫሉ። ይህን አመሉን መሳቂያ እንዳይሆን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ምን ያድርግ፣ ትራምፔቱን አንስቶ የድራመሩን ምት ጠበቀ። ምቱ ግን አልመጣም። ከታዳሚው አንዱ ሳል አለ፤ ሌላው ወንበሩን አንቋቋ።

“ጀምር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?” አለው ድራመሩን፣ አንገቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ።

“አንተን ነዋ!” አለ ድራመሩ፣ ዱላዎቹን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ። “ያቺን ቁልፍህን አዙር እንጂ! ክርንህ ሲነቃነቅ ካላየሁ ፍጥነቱን ከየት ላምጣው?”

ቤዝ ጊታሪስቱና ፒያኒስቱም ክርኑ ላይ አፍጥጠዋል። ትራምፔት ነፊው ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። እጁን ወደ ኮቱ መለሰና ንቅንቅ በማይለው ቁልፍ ላይ ጣቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አዞረ።

ከኋላው ድራሙ ተመታ።