መንገድ የሚያልፍበት ቤት

በዚያ ዓመት ከሚሴ ላይ ቤት የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ደላሎቹ አስፓልቱ ዳር ጫት ሲቅሙ ይውላሉ፤ የሚጠራቸው የለም።

ኡምኩልሱም ተከራይታ የምትኖርበትን ቤት አቶ ባንተይርጋ ለሽያጭ ያወጡት በዚህ መሀል ነው። ሥራቸው ወደ ደሴ ተዛውሮ ነበር። እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ በረንዳው ላይ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ከገዛው መውጣቷ ነው።

«ቅድሚያው ያንቺ ነው» አሏት። «ብዙ ግን አልጠብቅሽም።»

የጠሩት ዋጋ አቅሟ አልነበረም።

ቤቱን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ግድግዳውን ደባብሰው፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው ሄዱ። አልተመለሱም። ሌሎች መጡ፤ እነሱም ቀሩ። ኡምኩልሱም «አልሀምዱሊላህ» አለች።

«መንገድ ሊያልፍበት ነው እየተባለ ማን ይመለሳል?» ብላ እህቷ ሳቢራ ሳቀች።

አቶ ባንተይርጋ ዋጋውን ቀነሱ። ሰው ሲጠፋ ደግመው ቀነሱ።

«በይ አሁን ግዢው» አለቻት ሳቢራ።

ኡምኩልሱም የሙሽርነት ወርቋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ልትሸጥ ወጣች። ገበያው በር ላይ ጎረቤቷ ፋጡሜ ሰላም ብላ ያዘቻት።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ኡምኩልሱም! መሐንዲሶቹ እኮ በቤትሽ ጓሮ ችካል ተክለው ለኩ አሉ!»

የመንገዱን ወሬ ታውቃለች። ችካሉን ግን ገና መስማቷ ነው።

«ማን አየ?»

«የእህቴ ባል በዓይኑ! ወላሂ!»

ወርቁን ሳትሸጥ ተመለሰች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ሾፌር ደግሞ ለሚፈርስ ቤት ካሳ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራት። ባቲ ገበያ ጨርቅ ልትገዛ ብትወርድ፣ አይታው የማታውቀው ነጋዴ «መጀመሪያ የሚፈርሰው አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው አሉ» አላት። የእሷ በር አረንጓዴ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው የተንቀጠቀጠ ይመስላታል። አቶ ባንተይርጋም ስትቀርባቸው ስልካቸውን ይዘጋሉ። ደግሞም እንደገና ቀነሱ። ሰው የሚያውቀው ነገር ከሌለ ቤቱን እንዲህ ይጥላል?

«ቁርጡን ንገሪኝ» አሏት አንድ ጠዋት መጥተው። «ማስረሻ የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ ዛሬ ይመጣል።»

«እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። መንገዱ ያልፍበታል፣ አይደል?»

«እኔም እንዳንቺው ከሰው ነው የሰማሁት። ማዘጋጃ ቤት ብጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉኝ።»

ይህን ሲሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ኡምኩልሱም ወርቋን አሰበች፤ ልጆቿን አሰበች።

«ይቅርብኝ» አለች። «ለሚገዛው ይስጡት።»

ነጋዴው መጣ፤ ቤቱን ዞሮ አየ። እሱና አቶ ባንተይርጋ በረንዳው ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ በዋጋው ተስማምተው እጅ ተመታቱ።

ሳቢራ ወሬው ደርሷት እያለከለከች ገባች።

«ተውሽው? እውነት ነው?»

«ተገላገልኩ! ለሚፈርስ ቤት ወርቄን ልበትን?»

ሳቢራ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አንቺ ሴት አበድሽ? ዋጋው ይውረድልሽ ብለን የመንገዱን ወሬ የፈጠርነው እኔና አንቺ አይደለንም እንዴ?»