የካልሲው ቲያትር

የባሏ እናት እማማ ተዋበች በክረምቱ ሊጠይቋቸው መጥተው ከሰነበቱ በኋላ «ልጅሽን የሚያሳድግልሽ ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» ባሏት ቀን ፍሬሕይወት ቴሌቪዥኑን ነቀለችው። ከስልኳ ላይ «ልጅዎን በክረምት የሚያንጹ አርባ ሥራዎች» የሚል ዝርዝር አገኘች። ልጅ መቼም ያለ ዝርዝር አይታነጽም። በሳምንቱ ሶፋው በኮላ፣ ግድግዳው በቀለም ታነጸ።

እሑድ ዕለት የስድስት ዓመቷ ናርዶስ ከአሮጌ ካልሲ በሠራቻቸው አሻንጉሊቶች ቲያትር ልታሳይ ሆነ። እማማ ተዋበች ከፊት ተቀመጡ። ፍሬሕይወትም ይህን የመሰለ አስተዳደግ ሳይቀረጽ እንዳይቀር ስልኳን ደገነች።

ናርዶስ ከሶፋው ጀርባ ቀይ ካልሲ ብቅ አድርጋ፣ ልክ በእናቷ ድምፅ «እናትህ መቼ ነው የሚሄዱት?» አለች።

ጥቁሩ ካልሲ በአባቷ ድምፅ «ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» ሲል መለሰ።

«ይስሙኛ! ሁለት ሳምንት ብለው ሁለት ወር!»

«ጎበዝ! በቃ፣ አለቀ!» ብላ ፍሬሕይወት ማጨብጨብ ጀመረች። እማማ ተዋበች ግን በእጃቸው ዝም አሰኟትና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ።

«የእኔስ አሻንጉሊት የታለ፣ የኔ ልጅ?»

«አልሠራሁትም» አለች ናርዶስ አዝና። «እማዬ ‹የእሳቸውን አፍ ካልሲ አይችለውም፣ ጆንያ ፈልጊ› አለችኝ።»