ሦስተኛው ስኒ

ልብስ ሰፊዋና ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ እሁድ እሁድ ከሰዓት የሻይ ጨዋታ አላቸው። አንዷ ቅጠል እየቀያየረች አፍልታ ታቀብላለች፤ ሌላዋ ዓይኗን በሻሽ አስራ ቀምሳ ታውቃለች። ሐሜት ካልታከለበት ደግሞ ሻዩ አይወርድላቸውም።

ዛሬ ቀማሿ ልብስ ሰፊዋ ናት። ውሃውን ጥዳ፣ ቅጠሉን ደርድራ፣ ዓይኗን አስራ ስትጠብቅ በሩ ሲጢጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ስኒ እጇ ላይ ተቀመጠ።

«ናና!» አለች ቀምሳ። ሁለተኛው መጣ። «ይሄ ጦስኝ ነው! ምነው እቴ፣ ሰው ሳታሚ ሁለት ስኒ? አሞሻል እንዴ?»

ሦስተኛው መጣ፤ መራራ ነው። ምላሷ ወዲያው አወቀው።

አማቷ የሞቱ ቀን ተሳስታ ያፈላችላቸው መርዘኛ ቅጠል ነው። «ይጨርሱት እማማ» ብላ ስኒውን ከሥር ደግፋ ያጠጣቻቸው እሷ ናት። የተረፈውን ከነቆርቆሮው ጉድጓድ ከታ፣ ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

«ይሄን... ከየት አመጣሽው?»

በሩ ተንኳኳ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከውጭ። «ትንሽ ብዘገይ ትቆልፊብኛለሽ? ክፈቺ እንጂ፣ ጉድ ይዤልሽ መጥቻለሁ!»

ልብስ ሰፊዋ ስኒውን ላውርድ ስትል፣ አንድ ቀዝቃዛ እጅ ከሥር ደግፎ ወደ አፏ መለሰው።