ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት

አባዬ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ላይ ከኋላዬ አስቀምጬው፣ መኪና በማይገባበት የሸለቆው መንገድ ወንዙን ተከትለን እንነዳለን። ከቤት የሚወጣው ለዚህ ብቻ ነው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ነፍሳችን ልትወጣ ትደርሳለች። ባለፈው እሑድ ግን ሜዳ ሆነልን።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ዛሬስ ጉልበት ከየት አመጣሽ?» አለኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ? እኔማ እግሬን ከፔዳሉ ካነሳሁ ቆየሁ» አልኩት እየሳቅኩ።

«እኔም እኮ አንስቻለሁ።»

ዞር ብዬ አየሁት። እግሮቹ ተንጠልጥለዋል። ከኋላው ማንም የለም። ፔዳሎቹ ግን ይዞራሉ፤ ዳገቱንም እየወጣን ነው።

«ታዲያ» አለኝ አባዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ከኋላ ወገቤን የያዘኝ ማነው?»

ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨመቅኩት።

ብስክሌቷ ፈጠነች።