የዛንዚባር ነጥብ

ባሌ አስናቀ ሲያገባኝ ዛንዚባር ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት። በባንክ ካርዴ ዕቃ በገዛሁ ቁጥር የተጠራቀመው የጉዞ ነጥብ ለሁለት ሰው ትኬት ከበቃ ቆይቷል። ካርዱ የኔ ነው፣ አዛዡ ግን እሱ። «ወደ አየር መንገዱ እናስተላልፈውና እንሂድ» ስለው፣ «ጠብቂ እንጂ፣ ለሚያስተላልፍ ሰው ጭማሪ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። አንዴ ከተላለፈ አይመለስም» ይለኛል። ጭማሪው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄደ።

ሲብስብኝ ለእናቱ ለእማማ ጥሩሰው ከሰስኩት። እሳቸው ሳቁ።

«አይ አንቺ፣ የምን ጭማሪ? አውሮፕላኑን ፈርቶ ነው እንጂ። ልጅ ሆኖ የዶሮ ቆጥ ላይ ወጥቶ መውረድ አቅቶት ጎረቤት ነው ያወረደው።»

በማግስቱ ባንክ ሄጄ ነጥቡን በሙሉ አስተላለፍኩና ሁለት ትኬት አስቆረጥኩ።

እማማ ጥሩሰው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ባሕር ሲገቡ ፎቶ አንስቼ ለልጃቸው ላክሁለት።