የማን ለቅሶ ነው?

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ድንኳኑ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ኑ ተብሎ ሦስት ቀን በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ አንዲት ሴት ዝር አላለችም። በአራተኛው ቀን ነርሷ ለጥላ ብላ የእድሩን ድንኳን ተውሳ ጤና ጣቢያው ደጅ ብታስተክል፣ ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግልብጥ ብሎ መጣ። ለነጻ ምርመራ ጊዜ ያጡት ሴቶች ለለቅሶ ሲሆን ጊዜ አልቸገራቸውም። ከሁሉ ፊት ደረታቸውን እየደቁ የደረሱት የሰፈሩ አስለቃሽ እትዬ የሻረግ ነበሩ።

«ማን ሞተ ልጄ?»

«ማንም አልሞተም። ድንኳኑ ለምርመራው ነው።»

እንባው ባንዴ ደረቀ።

«ሰው ሳይሞት ድንኳን? ምን ዓይነት ሟርተኛ ነሽ አንቺ! ቁርጡን ንገሪን፤ የማን ለቅሶ ነው?»

«ገና አልታወቀም እትዬ፤» አለች ነርሷ ትዕግሥቷ አልቆ። «ተመርመሩና እንለየው።»

አንዷ አማተበች፤ ሌሎቹ እየተነጫነጩ ለመሄድ ተነሡ። እትዬ የሻረግ ግን ወደ ነርሷ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ያ ሰፈር የሚያናውጠው ድምፃቸው ጠፍቶ፣ «ካረጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ደም ይፈሰኛል» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ከድንኳኑ ወጡ። ምርመራ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉት።