የአረመኔው ምልክት

ልጇ ከተወለደች ወዲህ ቀለሟ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። አሁን ደግሞ ልጅቷ ስትተኛም እሷ አልተኛ አለች። ነቀምቴ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ወንድ እየተለቀመ ነው። ታጣቂ ከቀበሌ ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ባሏ ደረሳ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ አናጢ ስለሆነ ክንዱ ከሩቅ ይታያል።

ሰፈራቸው ባኬ ጃማ ሁለት ጊዜ ታፍሷል። ሁለቱንም ጊዜ ደረሳ ቤት አልነበረም፤ ጨዋታ ላይ ነበር።

ጨዋታው የፈረንጅ ነው። ደረሳ ቤቱን ሲጠግንለት የነበረ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋል፤ ባቄላ እንደ ሰው ይደረደራል፤ ዳይስ ይወረወራል፤ ሁሉም «እኔ እንዲህ ነኝ» እያለ ያወራል። በጨዋታው ደረሳ ቀስተኛ ነው። ጉራጌው ባለሱቅ ጋሼ ወልደገብርኤል አስማተኛ ነው። ዋጋሪ አረመኔ ነው። ሕጉን ወደ አማርኛ የመለሰውም ዋጋሪ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የቀበሌው ጸሐፊ የሆነ ጎረምሳ።

የሚጫወቱበትን ቀን የሚቆርጠውም እሱ ነው። አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ሐሙስ፤ ያውም በሥራ ሰዓት። ጋሼ ወልደገብርኤል ሱቅ ጓዳ ያስገባቸውና በሩን ያስዘጋል። ጨዋታው ሳያልቅ ማንም እንዲወጣ አይፈቅድም።

ነገሩን የነገረቻት ጎረቤቷ አሰፋች ናት። ቦኖ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከሚወሰደው ሰው ስም አጠገብ ምልክት የሚያደርገው ጸሐፊው ነው አለቻት። ቀለሟ ባልዲዋን ሳትሞላ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ጨዋታ ልጇን አዝላ ተከተለቻቸው። ዋጋሪ «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አላት። «ፈያ» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ። የጨው ኬሻ ላይ ተቀምጣ የሕጉን ወረቀት አነሳች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን በጣቷ ትከተላለች። «አረመኔው አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ» አለች ባለሱቁን በቀስታ፤ «አረመኔው ምልክት ያደረገበት ይሞታል?»

«ምን በወጣው። ጠላትየው ወደ አረመኔው ይዞራል እንጂ። ሌላ ሰው ልምታ ቢል ክንዱ ይዝላል።»

«ታዲያ አረመኔው ምን ይጠቀማል?»

«እሱማ ዱላውን ይቀበላል። የሚጠቀመው አጠገቡ ያለው ነው።»

ልጅቷ አለቀሰች። ቀለሟ እያጠባች ዋጋሪን ታየው ነበር። እሱ ደረሳን ሰሞኑን የት እንደሚሠራ ይጠይቀው ነበር። ደረሳም አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጣሪያ እየመታሁ ነው አለው። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም ጠየቀው።

ቤት ሲገቡ ገጠር፣ ኑኑ ቁምባ ያለችው አክስቱ ጋ እንዲሄድ ለመነችው። ደረሳ ሳቀ። ዋጋሪ እያለ ምን እንሆናለን አላት።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ለሊቀመንበሩ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸሐፊው በሥራ ሰዓት ሱቅ ጓዳ ተዘግቶ ዳይስ ይወረውራል። የባሏን ስም አላነሳችም።

ሊቀመንበሩ ከፊቱ ያለውን የስም ዝርዝር ሳብ አደረገ። «ጉልበት ተርፎታላ» አለ።

ዋጋሪ ከምልምሎቹ ጋር በመጀመሪያው መኪና ተጫነ። ደረሳ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጇ እኩል ተኛች።

በሳምንቱ፣ ጠዋት ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። አዲሱ ጸሐፊ ነው፤ ሁለት ታጣቂዎች ከኋላው ቆመዋል። ትሁት ሰው ነው። እንዳትደነግጪ እህቴ፣ መዝገብ እያስተካከልን ነው አላት።

«ደረሳ ሞረዳ ሁለቴ ተመርጦ፣ ሁለቴም በዋጋሪ እጅ ‹ሚስቱን ፈትቶ ከተማውን ለቋል› ተብሎ ተጽፏል። ለመልቀቁ እዚህ ጋ ፈርሚልንና እንዘጋዋለን።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«ቀለሟዬ፣ ማነው?» አለ ደረሳ ከጓዳ።